ፕላስተር የማይዘጋው ቀዳዳ

ጨለማን አውቀዋለሁ የሚል ሰው ሞልቷል። መብራት ሲጠፋ ግድግዳ እየዳበሰ ሻማ የፈለገ ሁሉ፣ ብርድ ልብስ ራሱ ላይ ስቦ የተኛ ሁሉ ጨለማን ያየው ይመስለዋል። ይህን ነገር አባ ጨለማ ፊት ያነሣ ሰው ግን ትምህርቱን ሳያገኝ አይሄድም። «እሱ ጥላ ነው እንጂ ጨለማ አይደለም» ይለዋል። «ጨለማ ማለት እጅህን አፍንጫህ ሥር ይዘህ፣ እጅ እንዳለህ የምትጠራጠርበት ነው።» እውነተኛ ስሙን በመሥሪያ ቤቱ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። አባ ጨለማ ያሉት ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ እሱም እንደ ሹመት ተቀብሎታል።

ሥራው ጨለማ መሥራት ነው። አንባቢ አይሳቅ፤ ሚስቱ ስቃ ጨርሳለች። የተቀጠረ ሰሞን «ምን ሥራ አገኘህ?» ብላ ብትጠይቀው «ጨለማ እሠራለሁ» አላት። «እሱንማ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ሳንጠይቀው ይሠራልን የለ!» አለችና፣ ወሬውን ጎረቤት ለጎረቤት አዳረሰችው። እሷ እንዲህ ናት፤ ቀልድ ከተገኘ ባሏም ቢሆን አይቀርላትም።

ከዚያ በፊት ፎቶ አጣቢ ነበር። ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ፣ ሁለት እጅ ሲዘረጋ ከግድግዳ ግድግዳ በምትነካ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ አምፖል ብርሃን የሰው ሠርግና የሰው ልደት ሲያጥብ ጎልማሳነቱን ጨረሰ። ነጩ ወረቀት ውኃው ውስጥ ቀስ እያለ ፊት ሲያበቅል ማየት አንድም ቀን ሰልችቶት አያውቅም። በኋላ ስልክ ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ፎቶ ቤቱም ተዘጋ። አሁን የሚሠራበት ላቦራቶሪ «ብርሃን የማያስገባ ክፍል ሠርቶ የሚንከባከብ» ሰው ሲፈልግ፣ ይህ ችሎታ አለኝ ብሎ የመጣው እሱ ብቻ ነበር።

በላቦራቶሪው ውስጥ ከዋክብት አይታዩም። መስኮት የለውም፤ ጣሪያው ወፍራም ኮንክሪት ነው፤ በላዩም ሌላ ፎቅ ተጭኖበታል። እዚያ የሚሠራው ወደ ሕዋ የሚላኩ ቴሌስኮፖችን ዓይን መፈተን ነው። ዓይን የሚሉት የቴሌስኮፑን ካሜራ ነው፤ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ እንደ ጥቁር መስታወት የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር። አንዴ ከተላከ በኋላ ተከትሎት ሄዶ የሚጠግነው ሰው የለም። ስለዚህ ገና መሬት ላይ ሳለ ጠባዩን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ ምንም በሌለበት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ «አየሁ» ብሎ የሚዋሸውን ውሸት። ውሸቱ ተለክቶ ከታወቀ፣ በኋላ አየሁ ከሚለው ላይ ይቀነስለታል።

ይህን ያስረዳችው የላቦራቶሪው ኃላፊ ናት፤ ሁሉም ዶክተሯ ይሏታል። ቀጭን፣ ፈጣን፣ በማንም ላይ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ባዶው ክፍል ውስጥ አቁማው እንዲህ አለችው፦

«ጋሼ፣ ይኼ ዓይን የሚጠብቀው ብርሃን እኛ ሳንፈጠር መንገድ የጀመረ ነው። እስኪደርስ ድረስ የሚቀረው ጠብታ ናት። በእርስዎ ክፍል የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከገባች፣ የዓይኑን ጠባይ አናውቅም፤ ጠባዩን ካላወቅን ደግሞ ያቺን ጠብታ አናምናትም።»

ያን ቀን ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ፤ አውቶቡስ መኖሩንም ረሳው። እኛ ሳንፈጠር መንገድ የጀመረ! እንግዳ ከሩቅ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ እሱ መጥረጊያ የተሰጠው ለእንዲህ ያለ እንግዳ ኖሯል። ጎልማሳነቱ ካለፈ በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ ይገጥመኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ክፍሉ በትልቅ አዳራሽ መካከል እንደ ሣጥን የቆመ ነው። አባ ጨለማ ውስጡን ጥቁር ቀለም ቀባው፤ በቀለሙ ላይ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ አለበሰው፤ በሩን ሁለት አድርጎ በመካከሉ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ሠራለት። የሚገባ ሰው የሚያበራ ሰዓት ካሠረ ያስፈታዋል፤ ስልክማ አይታሰብም። አንድ ጊዜ ሊጎበኙ የመጡ ትልቅ ሹም ጫማቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ስላየ፣ በካልሲ አስገብቷቸዋል። ሹሙም ምንም ሳይሉ ገቡ፤ ጨለማው በር ላይ ሁሉም ሰው እኩል ነው።

የሚፈትሸው በገዛ ዓይኑ ነበር። ብቻውን ይገባና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ዝም ይላል። መቸኮል የለም። ከዚያ የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚያልፍ ቀልደኛ ሰው፣ በውጭ በኩል ግድግዳውን በኃይለኛ ባትሪ እያበራ ይዞራል። የሾህ ቀዳዳ እንኳ ካለ ከውስጥ እንደ ኮከብ ብልጭ ትላለች። «ቁም!» ይላል አባ ጨለማ፤ ይሄድና በጥቁር ፕላስተር ይደፍናታል። ሁሉ ሲያልቅ እየተንጠራራ ወጥቶ፣ «ከእንግዲህ ቀዳዳ ከተገኘ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ይምላል። ዶክተሯ ያንን መሐላ ከማንም ፊርማ አብልጣ ታምነው ነበር።

አንድ ወቅት ላይ ግን መሐላው ቀረ። ማንም ልብ አላለውም።

ነገሩ የጀመረው መንገድ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጠፋበት። ሌላ ቀን ከቆሻሻ ገንዳ ጋር ተጋጭቶ ይቅርታ ጠየቀው። ቀን ቀን ደህና ነው፤ ጋዜጣ ያነባል፣ ፊት ይለያል። ዓይኑ የሚከዳው ብርሃን ሲሳሳ ነው። ቀጥሎ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የዕቃ ቤቱን ሰው ኮቴ ዙሪያውን እየሰማ፣ አንድም ኮከብ ሳያይ ቀረ። «ዛሬስ የለም?» አለው ሰውየው ከውጭ። «የለም» አለ። ብቻውን ሲሆን ከአንዲት የሚያውቃት ቀዳዳ ላይ ፕላስተሩን ልጦ፣ ውጭ በትይዩዋ ባትሪ አብርቶ አስቀምጦ ገባ። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ጠበቀ። አላያትም።

ለማን ይናገር? የማያይ ጨለማ ጠባቂ ምን ይሠራል? ፎቶ ቤቱን የነጠቀው ስልክ ነበር፤ ይህን ሥራ ደግሞ የገዛ ዓይኑ ሊነጥቀው ነው። ለሚስቱም አልነገራትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ስንቱን ሰው ሲመክር የኖረ ሰው፣ ነገሩ በራሱ ሲደርስ ምላሱ ታሰረ።

ዘዴ ፈጠረ። ከንፈሩን በምራቁ ያርስና ወደ ግድግዳው መገጣጠሚያዎች አስጠግቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። ነፋስ በገባበት ብርሃንም ይገባልና፣ ቀዝቃዛ ነገር ከንፈሩን ከነካው እዚያው ይደፍናል። የተጠራጠረውን ሁለቴ ይለጥፋል፤ ያልተጠራጠረውንም አንዴ። ሲወጣ «ዝግጁ ነው» ይላል፤ ዓይኑን ግን ለመሐላ አያነሣትም።

በዚህ መካከል ትልቁ ዓይን መጣ። እስከዚያ ከተፈተኑት ሁሉ የሚበልጥ፣ ብዙ ሰው ብዙ ዓመት የደከመበት ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኑን በሚያቀዘቅዝ በርሜል ውስጥ አስገብተው በአባ ጨለማ ክፍል መካከል አቆሙትና፣ በሩን ዘግተው ለረጅም ጊዜ ጨለማውን እንዲያይ ተዉት። የቀድሞዎቹ ካሜራዎች ፎቶ ላይኛው ፎቅ ነበር የሚታየው፤ አሁን ግን በሩ አጠገብ ስክሪን ተተክሏል። አባ ጨለማ የገዛ ጨለማውን ፎቶ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ድፍን ጥቁር ጠብቆ ነበር። ጥቁሩ ላይ ግን ነጫጭ ነገር ተበትኗል፤ አንዳንዱ ነጥብ፣ አንዳንዱ በመርፌ የተጫረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር፣ አንዳንዱ እንደ ትል የተጠማዘዘ። ዶክተሯና ረዳቶቿ ስክሪኑን እያዩ ስለ ቅዝቃዜው መጠን ይነጋገራሉ፤ ስለ ነጫጮቹ አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። የሚደብቀው የሌለው ሰው ቢሆን «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ በጠየቀ። የሚደብቀው ያለው ሰው ግን ዝምታውን ሁሉ ስለ እሱ የተባለ ያደርገዋል። «አይተውታል፤ ሽበቴን አክብረው ነው ዝም ያሉት» አለ በልቡ።

በማግስቱ ክፍሉን እንደ አዲስ ለጠፈው። ፎቶ ተነሣ፤ ነጫጮቹ አሉ። በከፋዩ ላይ ሌላ ከፋይ ደረበ፤ አሉ። መሰላል አቁሞ ጣሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ ሸፈነ፤ እሱ ሲወርድ እነሱ እዚያው አሉ።

«አባ ጨለማ፣ ይኼን ሁሉ ፕላስተር ትበላዋለህ እንዴ?» አለው የዕቃ ቤቱ ሰው፣ ባዶውን መደርደሪያ እያሳየው። «ግድግዳውን አልብሰህ ጨረስክ፤ አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«አንተንማ የሚያዳርስ ፕላስተር ከየት ይመጣል!» አለው አባ ጨለማ። ቀልዱ ከአፉ ወጣ እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም።

አንድ ነገር ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር። ነጫጮቹ በሁለት ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ተገኝተው አያውቁም። ቀዳዳ ቦታ አይቀያይርም፤ ይህን ደግሞ ከአባ ጨለማ በላይ የሚያውቅ የለም። ፍርሃት የገባበት ሰው ግን የሚያውቀውንም ይረሳል፤ ቀዳዳዎቹ ከእጁ የሚሸሹ ይመስለው ጀመር። እንቅልፍ አጣ፣ ከሳ። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላታል።

በመጨረሻው ፈተና ዋዜማ፣ ገና ከምሳ በፊት፣ ዶክተሯ ወደ እሱ መጣች። ነገ ፈተናው ያልቃል፤ ከዚያ ትልቁ ዓይን ታሽጎ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ክፍሉ ዝግጁ ነው?»

ሁልጊዜ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው። «ዝግጁ ነው» ብሎ መገላገል ይችል ነበር፤ ቃሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ እንግዳ ትዝ አለው። እኛ ሳንፈጠር የተነሣ፣ በባዶ ሜዳ ብቻውን የተጓዘ፣ ጠብታ ሆኖ የሚደርስ እንግዳ። አንድ ሽማግሌ የዓይኑን መድከም ስለ ደበቀ፣ ያ ሁሉ መንገድ በውሸት ሊተረጎም ነው፤ ተከትሎት ሄዶ የሚያርመውም የለም። ይህን ማድረግ አልቻለም።

«ዝግጁ አይደለም፣ ዶክተር» አለ። «ቀዳዳ አለው። እኔ አላየውም። ዓይኔ ጨለማ ውስጥ ማየት ከተወ ቆይቷል፤ ደብቄዎት ነው። ሰው ያስፈትሹና ይድፈኑት፤ እኔ ሞክሬ አቅቶኛል።»

«የቱ ቀዳዳ?» አለች ዶክተሯ።

ስክሪኑ ዘንድ ወሰዳትና በጣቱ አሳያት። «ይኼ። ይኼ። ይኼም።»

ስክሪኑን አየች፣ እሱን አየች፤ ዞር ብላ ደግሞ በፕላስተር ላይ ፕላስተር፣ በጨርቅ ላይ ጨርቅ የተደረበበትን ክፍል አየች። «ይኼን ሁሉ የለጠፉት… እነዚህን ሊያስቆሙ ነው?»

«ታዲያ ሌላ ለምን?»

የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለች። አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ እነዚህ ከክፍሉ አይደሉም። ከላይ ነው የሚመጡት።»

«ጣሪያውንም ለጥፌዋለሁ እኮ!»

«ከጣሪያው በላይ። ከፎቁ በላይ፣ ከደመናውም በላይ። ሲሞቱ የሚፈነዱ ከዋክብት አሉ። ሲፈነዱ የሚረጩት፣ ለዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር አለ፤ ፍጥነቱ አይነገርም። ያ ነገር ለስንትና ስንት ዘመን ሲባዝን ይኖርና የእኛን አየር ሲመታ ይሰበራል፤ ተሰብሮም ልጆች ይወልዳል። እዚህ የደረሱት ልጆቹ ናቸው። ኮንክሪቱን ያልፉታል፣ ከፋይዎን ያልፉታል፤ በዓይኑ ውስጥ ሲያልፉ ደግሞ ይቺን ጭረት ትተው ይሄዳሉ። ይቺ የተጠማዘዘችው ከሕንፃው ድንጋይ ውስጥ ከሚወጣ ጨረር የመጣች ትሆናለች፤ ቀጥ ያሉት ግን የላይኞቹ ናቸው። ከየፎቶው እየለቀምን እናወጣቸዋለን፤ ድሮም የነበሩ ናቸው። የሚያውቁ መስሎኝ ሳልነግርዎት ቀረሁ።»

አባ ጨለማ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። አንዲቷን ጭረት ትክ ብሎ አያት፤ ከጥፍር ጫፍ አትበልጥም። ኮከብ ፈንድቶ፣ ፍንጣሪው ዘመን ተሻግሮ፣ ልጁ ፎቅ በስቶ እሱ ክፍል ገብቷል፤ እሱ ደግሞ መሰላል ላይ ቆሞ በፕላስተር ሊመልሰው ኖሯል! ፈራ፤ ደስም አለው፤ የቱ እንደሚበልጥ አላወቀም።

«በእኔስ ያልፋሉ?» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አሁን፣ እየተነጋገርን። በመዳፍዎ ብቻ በየሰከንዱ አንድ ያህል።»

መዳፉን ዘረጋ። ፕላስተር ሲቀድ የሻከረ፣ የፎቶ መድኃኒት ጥፍሩን ያጠቆረው መዳፍ ነው። ምንም አይታይበትም፤ ምንም አይሰማውም። በዚያች ጠባብ የፎቶ ቤት ጓዳ፣ በዚህ ሣጥን ውስጥ፣ ብቻዬን ነኝ ብሎ በተቀመጠበት ሰዓት ሁሉ በላዩ ላይ ይህ ሁሉ ሲዘንብ ነበር። ሰው ምን ያህል ነገር ሳያውቅ ይኖራል! ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ለማበስም አልሞከረም።

ዶክተሯ ተነሥታ የዕቃ ቤቱን ሰው ጠራች፤ ባትሪውን አስይዛ ክፍሉን ዙሪያውን አስዞረችው። ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ትልቁ ዓይን ነበር። ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ጠጋ ብላ አየችው፤ ደግማ አየችው። ጭረቶቹን ሲያወጡለት የቀረው ጨለማ፣ በዚያ ቤት ተለክቶ የማያውቅ ጨለማ ነበር። ፍርሃት ለካ ጎበዝ ለጣፊ ነው።

ሽንገላ ግን አታውቅም። «ከእንግዲህ በእርስዎ ዓይን አንፈትሽም፣ ጋሼ» አለችው። «ማየቱን ለካሜራ እንተውለታለን። ማጨለሙን የሚችል ሌላ ሰው ስለሌለኝ እሱ የእርስዎ ነው። መጀመሪያ ግን ሐኪም ይይዎት። ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ ይንገሯቸው» አለች።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ጠረጴዛ ላይ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ከፊቷ ተቀመጠ። ዋናውን ነገር መናገር ፈርቶ ከከዋክብቱ ጀመረ፤ ስለ ፍንዳታው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኮንክሪቱ፣ በመሰላል ወጥቶ ስለ ለጠፈው ፕላስተር። ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሳቀችም። የያዘችውን ሸሚዝ አስቀምጣ መዳፏን መብራቱ ሥር ዘረጋች።

«አሁንም እያለፈ ነው?»

«አሁንም።»

«ይኼ ሁሉ በላያችን ላይ ሆኖ…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ለአፏ ልጓም የሌላት ሴትዮ ቃል አጣች።

ያኔ ነገራት። «ዓይኔ ጨለማ ውስጥ አያይም። ሥራውን ልነጠቅ ነው ብዬ ፈርቼ ደበቅሁሽ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመዳፏ ሳትነቅል። «ግድግዳ እየዳበስክ መሄድ ከጀመርክ ቆየህ። የኮሪደሩን መብራት ሳላጠፋ የማድረው ብርሃን ወድጄ ይመስልሃል? እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

እጁን ሰደደና ከእጇ ሥር፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። እሷም መዳፏን መዳፉ ላይ ጣል አደረገችው።

«በሁለታችንም ያልፋል?»

«በሁለታችንም።»

«አንዱ ራሱ?»

«አንዱ ራሱ። አንቺን አልፎ እኔን።»

«ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» አለችው። «አሁን ግን እጅህን እንዳታነሣ።»